ዝንቧን በክር ሳይሆን በመዳብ ሽቦ እሰሯት
በወራጅ ወንዝ ትራውት የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ሰው ሠራሽ ዝንብ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር የፈለሰፈውን አሠራር እንድትሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። በክር ፋንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ፤ ሽቦው ላባውን ከማሰሩም በላይ ክብደት ስለሚሆናት ዝንቧ ወዲያው ትሰምጣለች። በ14 ወይም በ16 ቁጥር መንጠቆ ላይ ሽቦውን ጠምጥማችሁ ደረቷ በሚሆነው ቦታ ጉብ አድርጉት፤ ከዚያም ፌዛንት ከተባለ ወንድ ወፍ ጅራት የተነጩ አራት የላባ ዘለላዎችን፣ ጫፋቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥቶ ጭራ እንዲመስል አድርጋችሁ ካሰራችሁ በኋላ፣ ከሽቦው ጋር ገምዳችሁ እስከ መንጠቆው ዓይን ጠምጥሙ። የተረፈውን ላባ በጉብታው ላይ አመላልሳችሁ አጥፉና በሽቦው ቋጩት። እግር ለመጨመር ፈጽሞ አትድከሙ፤ ይህች ዝንብ የምትመስላት የውኃ ውስጥ ነፍሳት ስትዋኝ እግሮቿን ወደ ሰውነቷ ትሰበስባለችና።