ድሬዳዋ ላይ ለአንድ ክፍል የሚሆን ኤሲ እንዴት ይመረጣል?

ሐረር ላይ ማታ ብርድ ልብስ ይፈለጋል። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቬንትሌተር የሚያዞረው ትኩስ አየር ብቻ ነው። ኤሲ ልትገዙ ካሰባችሁ ከሱቁ በፊት ቤታችሁን እዩ።

በመጀመሪያ ጣሪያው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ የኤሲውን ገንዘብ ለጊዜው ያዙት። ኮርኒስ ይሠራ፣ በሩ ስር ያለውም ክፍተት ይደፈን። ይህ ሳይሆን የሚገዛ ኤሲ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ቆጣሪውም አብሮት ይሮጣል።

ከዚያ ለኩ። የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም የሚለካው በቢቲዩ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ብላችሁ ጀምሩ። 4 በ4 ክፍል 9,600 ይመጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ 12,000 ውሰዱ። «ትልቁን ግዛ፣ አይቆጭህም» የሚል ሻጭ ግን አትስሙ። ከልክ ያለፈ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ክረምት ላይ ብርድና ወበቅ አንድ ላይ ይሆንባችኋል። በውሃ የሚሠራው ኩለር ርካሽ ነው፤ የሚያዋጣው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ረጅም ሰዓት የምታበሩት ከሆነ ኢንቨርተር ኤሲ ምረጡ፤ ሞተሩ እየጠፋ እየበራ ሳይሆን ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ እያስተካከለ የሚሠራ ማለት ነው። ውጭ በሚሰቀለው ማሽን ጎን የተለጠፈውንም ጽሑፍ አንብቡ። ቲ1 የሚለው እስከ 43 ዲግሪ፣ ቲ3 የሚለው እስከ 52 ዲግሪ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያጋለው ግድግዳ አጠገብ ያለው አየር ከከተማው ሙቀት በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ለድሬ ቲ3 እመርጣለሁ።

ማሽኑ በምዕራብ ግድግዳ አይሰቀል። «ሰሜኑ ጥላ ነው» የሚባለውም እዚህ አይሠራም፤ በሞቃቶቹ ወራት ፀሐይ የምታልፈው በሰሜናችን በኩል ነው። ምሥራቅ ይሻላል፤ ያለዚያ በላዩ ዳስ ይሠራለት፣ አየር ግን እንዳይታፈን።

የሰፈራችሁ መብራት ማታ ማታ የሚደክም ከሆነ ስታቢላይዘር ጨምሩ። ኤሲው የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው።

ባለሙያው ጋዙን ከመልቀቁ በፊት ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ አለበት። ጋዙን ትንሽ ለቆ አየሩን «ሊያስወጣ» ከሞከረ አስቁሙት፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል። ሒሳብ ከመጨረሳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስነሱትና ውሃው በትክክል ወደ ውጭ መፍሰሱን እዩ።