አዲስ እባብ ቤት ሲገባ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እናሳልፍ?

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን የሚለምኑት ውሻና ድመት ብቻ አይደለም። እባብ የሚሉም አሉ። ቤቱ ይታመሳል፣ አያት ያማትባሉ፣ በመጨረሻ ግን እሺ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ እሺ ላሉት ነው።

የማወራው ስለ ቦል ፓይተን ነው። ከዘንዶ ወገን ነው፣ ግን ሲያድግም ከ1 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። መርዝ የለውም። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። እዚያ ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፣ ሲመሽ ይወጣል። ይህችን ከያዛችሁ የቀረውን ጠባዩን መረዳት አይከብድም። የሚፈልገው ጨለማ፣ ጠባብና ሞቃት ቦታ ነው።

ከዱር የተያዘውን ሳይሆን ሰው እጅ የተፈለፈለውን ግዙ። የዱሩ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል፣ ለመብላትም ያስቸግራል። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ ከሜዳ እባብ ይዛችሁ አታስገቡ። እፉኝትን የመሰለ ሰው የሚገድል አለ።

ዕድሜውንም አስቡት። 20 እና 30 ዓመት መኖር ለሱ የተለመደ ነው። የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1961 የተቀበላት አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 እንቁላል ጥላለች። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ እባቡን ማን እንደሚይዘው ከወዲሁ ተነጋገሩ።

1. ቤቱ ከእባቡ ይቅደም

ሳጥኑን ከቀናት በፊት አዘጋጁና ሙቀቱ መርጋቱን እዩ። አንዱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ከ25 እስከ 27 ይሁን። እርጥበቱ ከ60 በመቶ አይውረድ። እባብ እንደኛ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን መደበቂያ ያስፈልገዋል። አንድ ብቻ ካደረጋችሁለት ወይ ተደበቅ ወይ ሙቅ ማለታችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መደበቁን ይመርጣል፣ ከዚያ የበላው አይፈጭለትም። መደበቂያው ጠባብ ይሁን፤ ተጠቅልሎ ሲተኛ ጎኑ ግድግዳውን ይንካ።

ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) የማሞቂያ ምንጣፍም ሆነ አምፖል አትሰኩ። በዚህ አልደራደርም። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ሻጩ አያስፈልግም ስላላቸው ምንጣፉን በቀጥታ ሰክተው የእባባቸው ሆድ ተቃጠለ። እባብ ከታች የሚመጣ ሙቀት እያቃጠለው እንኳ ቶሎ አይነሳም። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ድንጋይ ሲሸጥ ካያችሁ እለፉት። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትርም ይሳሳታል፤ ሽቦ ያለውን ዲጂታል ግዙ። የሳጥኑ ክዳን የሚቆለፍ ይሁን።

2. አስገቡት፣ ከዚያ ተዉት

አንድ ሳምንት አትንኩት። ውሃ ቀይሩ፣ ከቆሸሸ አጽዱ፣ በቃ። ዘመድ ጠርቶ ማሳየቱ፣ ቪዲዮ መቅረጹ ይቆይ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን፤ እዚህ ግን በልጥ የሚበረግገው እባቡ ራሱ ነው። የሚያልፍ ጥላ፣ የሚንጓጓ በር፣ ሁሉም ያስፈራዋል። ቀን ቀን ተደብቆ መዋሉ ጤና ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ መዞር ከጀመረ ቤቱን እየለመደ ነው። ሌት ተቀን መስታወቱን በአፍንጫው የሚገፋ ከሆነ ግን ሙቀቱንና መደበቂያውን እንደገና ፈትሹ።

3. የመጀመሪያው ምግብ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቦል ፓይተን አልበላም ማለት ያውቅበታል። ስለዚህ ገና ስትገዙት ምን ሲበላ እንደነበር ጠይቁ፦ ትንሿን አይጥ ነው ትልቋን? የለመደውን ስጡት።

ሞቶ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን አይጥ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ አቅልጡት። በማግስቱ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ማይክሮዌቭ አይሞከርም፤ አንዱ ቦታ ሲበስል ሌላው በረዶ ሆኖ ይቀራል። ጭንቅላቱ አካባቢ ወደ 38 ዲግሪ ይድረስ። እባቡ ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ በጨለማ የሚያድነው በነሱ ነው። ለብ ያለ አይጥ አይታየውም ማለት ይቻላል። ስፋቱ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል አይብለጥ።

መብራቱን ቀንሱ። አይጡን በረጅም መቆንጠጫ ይዛችሁ መደበቂያው በር ላይ በትንሹ አንቀሳቅሱት፣ ፊቱ ላይ አትለጥፉበት። ምላሱ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ መውጣት ይጀምራል። አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ድንገት ይወረወርና ይጠመጠምበታል። በዚህ ሰዓት ማንም አይንቀሳቀስ።

አልበላም ካለ በሩ ላይ ትታችሁ ውጡ። ጠዋት ካልነካው ጣሉትና ሌላ ሳምንት ጠብቁ። በየቀኑ መሞከር ፍርሃቱን ያባብሰዋል። በየሳምንቱ በዲጂታል ሚዛን መዝኑት። ያደገ ቦል ፓይተን፣ በተለይ ወንዱ፣ በብርድ ወራት ለወራት ሳይበላ ይቆያል፤ ክብደቱ ካልቀነሰ አያስጨንቅም። አንድ አስረኛውን ካጣ ግን ሐኪም ይየው። በሕይወት ያለ አይጥ ልስጠው የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አልመክርም፤ አይጥ ተናክሶ እባብ ያቆስላል።

4. መያዝና ጠባዩን ማንበብ

በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከበላ በኋላ ያዙት። ከበላ በኋላ 48 ሰዓት ካላለፈ አትንኩት፣ ሊያስመልሰው ይችላል። እጃችሁን ታጠቡ፤ የአይጥ ሽታ ካለበት ምግብ ይመስለዋል። ከላይ ሳይሆን ከጎን ቅረቡት፣ ምክንያቱም በዱር ከላይ የሚመጣው አሞራ ነው። ከወገቡ ደግፋችሁ አንሱት፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ከተጠቀለለ ፈርቷል፤ መልሱት። አንገቱን አጥፎ ፊስ ካለ ተዉት። በዝግታ እየሄደ ምላሱን ዘና ብሎ የሚያወጣ ከሆነ ተረጋግቷል። ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ከደፈረሰ ቆዳውን ሊቀይር ነው። በደንብ ስለማያይ አትያዙት፣ እርጥበቱን ጨምሩ። ዓይኑ ላይ ቆዳ ከቀረ በጥፍር አትላጡት።

ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ስለሚያስተላልፍ ሁሌም በሳሙና ታጠቡ፣ ዕቃውንም ወጥ ቤት አትጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ያለበት ቤት ባይገባ ይሻላል። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ አፍንጫው አረፋ ካወጣ ወይም ቆዳው ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካያችሁ ቀጠሮ አታስረዝሙ። እባብ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም በየሰፈሩ ስለማይገኝ ስልኩን እባቡ ከመምጣቱ በፊት ያዙ።