ሶፍትዌር ሲያሰራጩ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ግዴታን ስለመወጣት

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም ምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም፣ ገንዘብ ስለማይከፈልበት ባለቤት የሌለው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የጻፈው ሰው ግን የቅጂ መብቱን እንደያዘ ነው፤ ሌሎች እንዲጠቀሙበት የፈቀደውም በጽሑፍ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን አስመልክቶ በሰጠው ውሳኔ፣ እነዚህን ሁኔታዎች ሳያሟሉ ማሰራጨት በቅጂ መብት ጥሰት ሊያስጠይቅ እንደሚችል አረጋግጧል። ሁኔታዎቹ በአብዛኛው ቀላል ሲሆኑ፣ የሚከብዱት ምርቱ ከተሸጠ ከዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ለማሟላት ሲሞከር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተገለጸው ሥራ ሶፍትዌሩ በሚገነባበት ዕለት ቢሠራ ይመረጣል።

በቅድሚያ ግዴታው መቼ እንደሚጀምር መለየት ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት በራሱ ሰርቨር ላይ ለራሱ ሥራ ብቻ የሚያውለው ፕሮግራም በአብዛኞቹ ፈቃዶች መሠረት ግዴታ አያስከትልም፤ ግዴታው የሚጀምረው ቅጂው ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ደንበኛ የሚያወርደው መተግበሪያ፣ በራውተር ውስጥ ተጭኖ የሚሸጥ ፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያሠራ ሶፍትዌር)፣ ለሕዝብ የተለቀቀ የኮንቴይነር ኢሜጅ (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሲስተም ጋር የጠቀለለ ፋይል)፣ እንዲሁም ወደ ተጠቃሚው ብራውዘር የሚላክ ጃቫስክሪፕት ሁሉም ስርጭት ናቸው። ኤጂፒኤል (AGPL) የተባለው ፈቃድ በዚህ ረገድ ይለያል፤ በዚህ ፈቃድ የተለቀቀን ፕሮግራም ያሻሻለ ሰው፣ ቅጂውን ለማንም ባይሰጥም እንኳ በኔትወርክ ለሚጠቀሙበት ሰዎች ምንጭ ኮዱን ማቅረብ አለበት።

ቀጥሎ በምርቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ መመዝገብ ነው። የፓኬጅ ማኔጀሩ (ላይብረሪዎችን፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ የሚያወርደው መሣሪያ) ዝርዝር ጥሩ መነሻ ቢሆንም፣ ላይብረሪዎቹ በተራቸው የሚጠሯቸውን ላይብረሪዎችና ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድተው የገቡ ፋይሎችን ካላካተተ ጎደሎ ነው። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ ትክክለኛ ቨርዥኑን፣ የመጣበትን ቦታና ፈቃዱን መያዝ ያስፈልጋል። ኤስፒዲኤክስ (SPDX) የተባለው መስፈርት ለየፈቃዱ አጭር መለያ ስላለው ለዚህ መዝገብ ይመቻል። የፓኬጁ መግለጫ ፈቃዱ ኤምአይቲ (MIT) ነው እያለ በውስጡ ያሉት ፋይሎች ሌላ ፈቃድ የሚጠቅሱበት ጊዜ አለና ፋይሎቹን መክፈት አይቀርም። ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ካጋጠመ ደግሞ ፈቃድ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ባለመብቱ ሊጠየቅ፣ አለዚያም ኮዱ ሊወጣ ይገባል።

ኤምአይቲና ቢኤስዲ (BSD) የተባሉት ፈቃዶች የሚጠይቁት የቅጂ መብት መስመሩና የፈቃዱ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር እንዲሄዱ ነው። አንድ የኤምአይቲ ጽሑፍ ለሃያ ላይብረሪዎች ማያያዝ በቂ አይሆንም፣ ምክንያቱም የቅጂ መብት መስመሩ በየላይብረሪው ይለያያል። ጃቫስክሪፕትን የሚጨምቁ መሣሪያዎች ደግሞ አስተያየቶችን (በኮዱ ውስጥ የተጻፉ ማብራሪያዎችን) ሲያስወግዱ እነዚህን ጽሑፎችም አብረው ሊጠርጉ ስለሚችሉ፣ ጽሑፎቹን ወደ አንድ ፋይል እንዲሰበስቡ ማዘዝ ይገባል። አፓቼ 2.0 የተባለው ፈቃድ በዚህ ላይ የተለወጡ ፋይሎች መለወጣቸው እንዲገለጽባቸውና ፕሮጀክቱ የማሳሰቢያ ፋይል ካለው ይዘቱ አብሮ እንዲተላለፍ ይጠይቃል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ጂፒኤል (GPL) የተባለው ፈቃድ ነው። ባይነሪውን (ኮምፒውተር የሚያስኬደውን የተገነባ ቅጂ) ያሰራጨ ሰው የዚያኑ ባይነሪ ምንጭ ኮድ ማቅረብ አለበት፤ ይህም የራሱን ለውጦች፣ እንዲሁም ኮምፓይል ማድረጉን (ኮዱን ወደ ባይነሪ መለወጡን) እና መጫኑን የሚቆጣጠሩ ስክሪፕቶችን ይጨምራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ለምሳሌ የአንድን ፕሮግራም ቨርዥን 5.2 አሻሽለው አሰራጭተው፣ ጥያቄ ሲመጣ የዋናውን ፕሮጀክት ገጽ ይጠቁማሉ፤ በዚያ ያለው ኮድ ግን ለውጦቻቸው የሉበትም። ምንጭ ኮዱን ከባይነሪው ጋር አብሮ መስጠት ከሁሉም መንገዶች ቀላሉ ነው። በጽሑፍ ቃል ገብቶ በኋላ መላክም ይቻላል፤ ሆኖም በጂፒኤል 2 ይህ ቃል ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና፣ ለማንኛውም ጠያቂ ክፍት የሆነና ከማድረሻ ወጪው በላይ ክፍያ የማይጠየቅበት መሆን አለበት። ለሦስት ዓመት ቃል የገባ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ኮዱን የት እንዳስቀመጠው ማወቅ አለበት፤ ሠራተኛ ሲቀያየር ይህ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል።

ጂፒኤል 3 ለሸማች በሚሸጡ መሣሪያዎች ላይ ሌላ ግዴታ ይጨምራል። ገዢው የለወጠውን ሶፍትዌር መልሶ መጫን እንዲችል አስፈላጊው መረጃ፣ የመፈረሚያ ቁልፍ (መሣሪያው ሶፍትዌሩን እንዲቀበል የሚያስችል ዲጂታል ቁልፍ) የሚያስፈልግ ከሆነም ቁልፉ ጭምር፣ ሊሰጠው ይገባል። ሥራው መሟላቱን ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው፣ ምርቱን የማያውቅ ባልደረባ የተዘጋጀውን ምንጭ ኮድ ብቻ ይዞ በባዶ ኮምፒውተር ላይ እንዲገነባው ማድረግ ነው። እሱ ከተሰናከለ ጠያቂውም ይሰናከላል።

ኤልጂፒኤል (LGPL) በተባለው ፈቃድ በተለቀቀ ላይብረሪ ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም የራሱን ኮድ ዘግቶ መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ላይብረሪውን በተሻሻለ ቅጂ መተካት የሚችልበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ኤምፒኤል (MPL) 2.0 የተባለው ፈቃድ የሚመለከተው በእሱ ሥር ያሉትን ፋይሎች ብቻ ነው።

ኮንቴይነር ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ኢሜጁን የለቀቀ ሰው መነሻ ያደረገውን ሲስተም ሁሉ፣ ለምሳሌ በጂፒኤል 2 የተለቀቀውን ቢዚቦክስ የተባለ የመሠረታዊ ትእዛዞች ስብስብ፣ አብሮ አሰራጭቷል። ኢሜጅ በተደራረቡ ሌየሮች (ንብርብሮች) የተሠራ ስለሆነ በላይኛው ሌየር ፋይልን መሰረዝም አያድንም፣ ፋይሉ በታችኛው ሌየር እንዳለ ይወርዳልና።

ከመልቀቅ በፊት ለደንበኛው የሚቀርበው የአጠቃቀም ውል መታየት አለበት። «ማንኛውንም ክፍል መገልበጥም ሆነ መመርመር ክልክል ነው» የሚል ጥቅል አንቀጽ ጂፒኤልና ኤልጂፒኤል ከሰጡት መብት ጋር ስለሚጋጭ፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚተዳደሩ ክፍሎችን ከክልከላው የሚያወጣ ዓረፍተ ነገር ሊገባበት ይገባል።

ቅሬታ የሚቀበል አድራሻና ደብዳቤውን በእርግጥ የሚያነብ ሰውም አስቀድመው ይመደቡ። በጂፒኤል 2 ግዴታውን የጣሰ ሰው ፈቃዱ ወዲያውኑ ይቋረጥበታል፤ በጂፒኤል 3 ግን ከኮዱ ባለመብት ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ ይመለስለታል። ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ነው።