ጀበናው ከእጀታው ሥር ለምን ይሰነጠቃል? በእጅ የሚሠራ ሸክላ ችግርና መፍትሄ

ጭቃው ጠጠሩ ተለቅሞ በደንብ ታሽቷል ብለን እንነሳ። ባልታሸ ጭቃ ሠርቶ ስለ ስንጥቅ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

እጀታው ወይም አንገቱ ከሆዱ ጋር ሲገናኝ ይሰነጠቃል

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ብልሽት ይኸው ነው። አንዳንዱ ሲደርቅ ይታያል፣ አንዳንዱ ተደብቆ ቆይቶ እሳት ላይ ይከፈታል። የከፋው ግን ቡናው ፈልቶ ጀበናው ሲነሳ እጀታው ብቻውን እጅ ላይ የሚቀረው ነው።

መንስኤው የእርጥበት ልዩነት ነው። ጭቃ ሲደርቅ እንደ ዓይነቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ይኮማተራል። ትናንት የተሠራ ሆድ ላይ ዛሬ የተድቦለቦለ እርጥብ እጀታ ሲለጠፍ፣ ሆዱ መኮማተሩን እያገባደደ እጀታው ገና ይጀምራል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ውሃ ቀብቶ መለጠፍ አያድንም። ውሃ ሙጫ አይደለም!

ሆዱ አውራ ጣት ሲጫኑት የማይጎደጉድ፣ ጥፍር ግን የሚጭረው እስኪሆን ጠብቁ። እጀታውንም ለብቻው እዚያው ደረጃ አድርሱት። የሚገናኙትን ሁለቱንም ፊቶች በሹካ ጠለቅ አድርጋችሁ ጫሩ፤ ላይ ላዩን መቧጨር ዋጋ የለውም። ከዚያው ጭቃ እርጎ የመሰለ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ እጀታውን እያወዛወዛችሁ እስኪነክስ ተጫኑት። ዙሪያውን ቀጭን የጭቃ ክር አዙራችሁ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡት። ስትጫኑ ጣት ከውስጥ ይደግፍ፣ አለዚያ ሆዱ ይሰረጉዳል።

ከዚያ ፌስታል አልብሳችሁ 2 ቀን አቆዩት፣ እርጥበቱ ይመጣጠናል። ፌስታሉ ሲነሳ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ቀጭኑ እጀታ ቀድሞ ስለሚደርቅ እሱን ብቻ ጠቅልላችሁ ተዉት። ፀሐይ ላይ አታውጡ። መስኮት ሥርም አታስቀምጡ፤ ነፋስ የሚመታው ጎን ቀድሞ ይደርቃል። የፀጉር ማድረቂያ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ስንጥቁን በገዛ እጁ እየጠራ ነው።

የደረቀ ስንጥቅ በእርጥብ ጭቃ አይደፈንም፤ ድፍኑ ሲደርቅ እዚያው መስመር ላይ ይላቀቃል። ሰባብራችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉትና እንደገና እሹት፤ ያልተቃጠለ ጭቃ አይባክንም። በሙጫ አጣብቆ ከሰል ላይ የሚጥድም አለ! ሙጫው ይቃጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተሰነጠቀ ጭቃው ከመጠን በላይ የሚጣበቅ ነው። 4 እጅ ጭቃ ላይ 1 እጅ ያህል የተፈጨና የተነፋ ገል ጨምሩ። ገል አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግም አይኮማተርም።

እሳት ላይ ይፈነዳል

አየር ስለቀረበት ነው ይባላል፤ የሚያፈነዳው ግን ወደ እንፋሎት የተለወጠ ውሃ ነው። ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና አልደረቀም። ከነበልባሉ በፊት ፍም ዳር እያዞራችሁ ለጥቂት ሰዓታት አሙቁት። ወፍራም ቂጥ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ውሃ ሲነካው ይሟሟል

እሳቱ አልበቃውም። ጭቃ ሸክላ የሚሆነው ከ600 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። አፓርታማ ውስጥ የምትሠሩ፣ የወጥ ቤት ኦቨን ያደርቃል እንጂ አያቃጥልም፤ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃ ያለው ሰው ፈልጉ።

ከተቃጠለ ከቀናት በኋላ ነጭ ነጥብ እያወጣ ይላጣል

ጭቃው ውስጥ የኖራ ድንጋይ አለ። ጭቃ ቀይሩ።

ውጩ ያረጥባል

ስንጥቅ ከሌለው ብልሽት አይደለም፣ አልተሟሸም ማለት ነው። ቫርኒሽ ግን እንዳትቀቡት፣ ከውስጥም ከውጭም።