የኢንትራንስ ማትስ፦ ሊሚት አልገባኝም የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ የጎደለው የ9ኛ ክፍሉ አልጀብራ ነው

ይህ ለናቹራል ተፈታኞች ነው። ፕሮግራም አውጡ፣ በቂ ተኙ፣ እርሳስ አትርሱ የሚለውን ታውቁታላችሁና አንደግመውም።

ምልክት፦ ካልኩለሱን ተምሬያለሁ፣ ፎርሙላውን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ የማጠቁረው መልስ ግን ስህተት ነው

ደጋግሞ የሚመጣው ብልሽት ይሄ ነው። ተማሪው "ሊሚት አይገባኝም" ይልና ሌላ ቱቶሪያል ይይዛል፣ የሊሚት ቪዲዮ ይደራርባል፣ ሞዴል ሲፈተን ውጤቱ ያው ነው። የሠራበትን ወረቀት መስመር በመስመር ብታዩት ሊሚቱን የሠራበት መስመር ደህና ነው። የተበላሸው ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ያለው አልጀብራ ነው።

አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላይኛው √(ኤክስ²+1)፣ ታችኛው ኤክስ የሆነ ክፍልፋይ አለ፤ ኤክስ ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ሲሄድ ሊሚቱ ስንት ነው? ብዙው ተማሪ ኤክስ²ን ከሩቱ ያወጣና "√ኤክስ² እኮ ኤክስ ነው" ብሎ ከታችኛው ጋር ያጣፋዋል፤ 1 ብሎ ያጠቁራል። 1 ደግሞ ከአማራጮቹ መሃል ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ነበር። ጥያቄ አውጪ የተሳሳቱ አማራጮችን የሚሠራው ከዚሁ ስህተት ነው፤ ስለዚህ "መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ" ማለት ምንም አያረጋግጥም። ትክክለኛው −1 ነው። √ኤክስ² የኤክስ አብሶሉት ቫልዩ ነው፤ ኤክስ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ እሱ −ኤክስ ይሆናል። ካልኩሌተር በማይገባበት አዳራሽ ማረጋገጫው ቁጥር ማስገባት ነው፦ በኤክስ ቦታ −100 አድርጉ። ላይ √10001፣ ማለትም 100 ከምናምን፤ ታች −100። መልሱ ኔጌቲቭ መሆኑን ለማየት አሥር ሰከንድ ይበቃል።

ሌላው፦ 1/ኤክስ < 2። በኤክስ ያባዛና "ኤክስ ከ1/2 ይበልጣል" ብሎ ያልፋል። ኤክስ ኔጌቲቭ ቢሆን ምልክቱ እንደሚገለበጥ ረስቶታል። −5ን ቢያስገባ −1/5 ይመጣል፣ እሱም ከ2 ያንሳል፤ ኔጌቲቮቹ በሙሉ ከመልሱ ወጥተው ቀርተዋል ማለት ነው። ሎጋሪዝም ላይም ያው ነው። በቤዝ 2፣ ሎግ ኤክስ + ሎግ (ኤክስ−2) = 3 ሲፈታ ኤክስ² − 2ኤክስ − 8 = 0 ይመጣና 4 እና −2 ይገኛሉ። −2ን ወደ መጀመሪያው መልሶ ያላስገባ ሰው "4 እና −2" የሚለውን ያጠቁራል፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ሎግ ግን የለም።

መፍትሄው ካልኩለሱን ለሁለት ሳምንት ማቆም ነው። አዎ፣ ማቆም። ፈተናው ሁለት ወር ቢቀረውም አዋጭ ነው። በየቀኑ 20 አጫጭር ጥያቄ በ25 ደቂቃ፣ በእጅ ብቻ፦ ክፍልፋይ መደመር፣ ኔጌቲቭ ኤክስፖነንት፣ ፋክተር ማድረግ፣ ሩት ያለበትን በኮንጁጌት ማባዛት፣ ኢንኢኳሊቲ፣ አብሶሉት ቫልዩ፣ ሎግ። ከጎኑ የስህተት ደብተር ያዙ። በግራ ገጽ የተሳሳታችሁበትን አንድ መስመር ብቻ እንዳለ ጻፉ፣ ሙሉ ጥያቄውን አትገልብጡ። በቀኝ ገጽ ያን መስመር የሚያፈርስ ቁጥር አስቀምጡ፤ ለምሳሌ (2+3)² 25 ነው እንጂ 4+9 አይደለም። በሳምንቱ ቀኙን በወረቀት ሸፍናችሁ ግራውን አርሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተሠራ መልስ እያነበቡ "ገባኝ" ማለት መሥራት አይደለም። ደብተሩን በአራት ቀለም ማስዋብም እንዲሁ። በስልክ ካልኩሌተር መለማመድማ ጭራሹን አይታሰብ፤ 17 × 6ን ለስልክ የሰጠ እጅ አዳራሽ ውስጥ ይደነግጣል።

ምልክት፦ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎችን በትክክል እሠራቸዋለሁ፣ አዲስ ሞዴል ሲመጣ እወድቃለሁ

መልሱን ሸምድዳችሁታል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የጥያቄውን ቁጥሮች ቀይሩና አማራጮቹን ሸፍናችሁ እንደገና ሥሩ። ካልሄደ አታውቁትም።

ሁለተኛው ጥፋት የቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው። ፎቶ ተነስቶ እንደገና ፎቶ የተነሳ ወረቀት ላይ 2 ፓወር ኤክስ "2ኤክስ" ሆኖ ይወርዳል፣ የማይነስ ምልክት ይጠፋል፣ ከሥሩ ያለው የመልስ ቁልፍ ደግሞ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ተማሪው በትክክል ሠርቶ ቁልፉ ስላልተስማማ ትክክለኛውን ዘዴ ሲጥል ማየት ያናድዳል። ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ አንድ ዓይነት መልስ ከመጣ ቁልፉን ጠርጥሩ፤ አስተማሪ ጋ ውሰዱት። የድሮ ወረቀቶች የተዘጋጁት በድሮው ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ርዕሱ አሁን በያዛችሁት መጽሐፍ ማውጫ ላይ ከሌለ እለፉት። "ፈተናው ወጥቷል፣ ገንዘብ አስገባ" የሚላችሁን ብሎክ አድርጉ።

ምልክት፦ ሰዓት አለቀብኝ

በብዙዎቹ ያለፉ ወረቀቶች 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የዘንድሮውን ከሽፋኑ ላይ አንብቡ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ መንገዱ ያልታያችሁን ምልክት አድርጋችሁ ዝለሉት። እልህ የያዘው ተማሪ 12ኛው ጥያቄ ላይ 15 ደቂቃ ይፈጅና መጨረሻ ላይ የነበሩ አምስት ቀላል ጥያቄዎችን ሳያያቸው ይወጣል።

ምልክት፦ ሒሳቡን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው ግን ምን እንዳለ አልገባኝም

እንግሊዝኛው ነው። "ኖት" የሚለውን ቃል በእርሳስ ክበቡት። "አት ሊስት 2" ሁለትና ከዚያ በላይ ነው፣ "አት ሞስት 2" ደግሞ ሁለትና ከዚያ በታች። "ኖን ኔጌቲቭ" ዜሮን ይጨምራል፣ "ፖዘቲቭ" አይጨምርም። ፕሮባቢሊቲ ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

አልፎ አልፎ፣ በወረቀት ለምትፈተኑ፦ ጥያቄ ዘልለው መልስ መስጫው ላይ ሳይዘልሉ የሚቀሩ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ይንሸራተታል። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አስተያዩ፤ ስታጠፉም ጥላው እስኪለቅ በንጹህ ላጲስ አጥፉ።