የመዳብ ቱቦ አጥፎ ኮምፒውተርን በውሃ ማቀዝቀዝ

ኮምፒውተርን በውሃ ማቀዝቀዝ አብዛኛውን ሰው አያስፈልገውም። ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ የተገዛ ማሽን ፋብሪካው የገጠመለት ማራገቢያ ይበቃዋል። የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ኮምፒውተሩን ቀኑን ሙሉ በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ ሰው ግን፣ በተለይ ጅማ ላይ፣ ቢያስብበት አይከፋም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያው ዙር ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ውሃም ቢሆን ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው ለዚሁ ለሳሳ አየር ነው፤ ስለዚህ አምራቾች ስለ ራዲያተር የሚሰጡትን ግምት እንዳለ አይውሰዱ፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይግዙ።

አሠራሩ የመኪና ሞተር ከሚቀዘቅዝበት መንገድ አይለይም። ፓምፕ ውሃውን ከማጠራቀሚያው ስቦ ፕሮሰሰሩ ላይ በተጫነው ብሎክ (ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ቁራጭ) ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ውሃው እዚያ ሞቆ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ለፕሮሰሰር ብቻ ከሆነ ባለ 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር፣ ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረ ደግሞ ባለ 360 እና ባለ 240 አንድ ላይ ቢኖሩ እመርጣለሁ።

ዕቃ ሲገዙ

ከሁሉ በፊት ራዲያተሩ ከምን እንደተሠራ ይወቁ። ርካሾቹ አልሙኒየም ናቸው። መዳብና አልሙኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ውሃው እንደ ባትሪ ያገናኛቸውና አልሙኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ማሽን ለጥገና መጥቶልኝ ብሎኩን ስከፍት፣ ከፀጉር በማይወፍሩት የመዳብ ክንፎች መካከል ግራጫ ዝቃጭ ሞልቶ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። ቀለምና ማሸጊያው ላይ የተጻፈው አያሳምንዎ፤ ፊቲንጉ (ቱቦውን ከዕቃው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ) የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ መብራት አብርተው ጥርሱን ይመልከቱ። ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ይውሰዱት። ብርማ ከሆነ ይመልሱት።

ሁለተኛው ጉዳይ የቱቦው ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ጅማ መርካቶ ውስጥ በፍሪጅ ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው የመዳብ ቱቦ የሚለካው በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች የሚባለው ውጪው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለኮምፒውተር የሚሠሩት ፊቲንጎች ግን 12፣ 14 እና 16 ሚሊ ሜትር ናቸው። የ0.7 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ቱቦው ግን ፊቲንጉ ውስጥ አይገባም። በሞረድ አቅጥኖ ማስገባት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው፤ ክቡ ከተበላሸ ኦሪንጉ፣ ፊቲንጉ ውስጥ ውሃ እንዳያመልጥ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ አይዘጋም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ከፊቲንጎቹ ጋር አብረው ይዘዙ። የፍሪጁን ቱቦ ለልምምድ ይጠቀሙበት፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

የፊቲንጉ ጥርስ የሩብ ኢንች ቀጥ ያለ ጥርስ ነው። የኮምፕሬሰር አየር መስመር ላይ ከሚገጠሙ ፊቲንጎችም ይህ ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ሲቸግር ያገለግላሉ፤ ከነሐስ የተሠሩ መሆናቸውን ግን ያረጋግጡ።

ከመሣሪያ በኩል ባለ እጀታ ቱቦ ማጠፊያ፣ ተሽከርካሪ ምላጭ ያለው ቱቦ መቁረጫ፣ ስኳድራ እና ማርከር ይበቃሉ። ቱቦው ላይ የሚጠመጠመውን የስፕሪንግ ማጠፊያ አልወደውም፤ መታጠፊያው የት እንደሚጀምር እጅዎ እንጂ መሣሪያው አያውቅም። ማጠፊያው ለ12 ሚሊ ሜትር የተሠራ መሆን አለበት፤ በግማሽ ኢንች ጎድጓዳ ውስጥ የታጠፈ ቱቦ ጎኑ ይጨፈለቃል።

ማጠፍ

የፕላስቲክ ቱቦ ቢሳሳቱበት አሙቀው ያቀኑታል። መዳብ በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፤ መልሰው ሊያቀኑት ሲሞክሩ ወይ ይጨማደዳል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥራው ያለው ማጠፉ ላይ ሳይሆን ከማጠፉ በፊት ባለው ልኬት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ በወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ በእጅዎ አጥፈው ከፊቲንግ እስከ ፊቲንግ ሞዴሉን ይሥሩ። ወረቀት ላይ ከሚሣል ንድፍ ይህ ይሻላል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ወይም ኬብል መንገድ ቢዘጋ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ቱቦ ሲታጠፍ ማዕዘኑን በቅስት አቋርጦ ስለሚያልፍ ከሁለቱ ክንዶች ድምር ያነሰ ርዝመት ይበቃዋል። ለ90 ዲግሪ መታጠፊያ ቁጠባው የማጠፊያው ሬዲየስ በ0.43 ተባዝቶ ነው። ሬዲየሱ ማለት እስከ ቱቦው መሐል ያለው ነው። ለምሳሌ አንዱ ክንድ 150፣ ሌላው 100 ሚሊ ሜትር፣ ሬዲየሱ 38 ቢሆን፣ ድምሩ 250 ነው፤ ከዚህ 16 ሲቀነስ የሚያስፈልገው ቱቦ 234 ሚሊ ሜትር ነው። ክንዶቹ የሚለኩት የሁለቱ ቱቦዎች መሐል መስመር እስከሚገናኝበት ማዕዘን ድረስ ነው፤ ከውጪው ጠርዝ የለካ ሰው የቱቦውን ግማሽ ውፍረት፣ 6 ሚሊ ሜትር፣ ይስታል። 6 ሚሊ ሜትር የሳተ ቱቦ ደግሞ ፊቲንጉ አጠገብ ደርሶ አይገባም።

እኔ ግን ይህን ስሌት የምጠቀምበት ምን ያህል ቱቦ እንደምገዛ ለማወቅ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ሁለቱንም ጫፎች በረጅሙ ትቼ አጥፋለሁ፤ ከታጠፈ በኋላ ቦታው ላይ አስደግፌ ትርፉን እቆርጣለሁ። እንዲህ ሲሆን መሳት የማይፈቀደው በሁለት መታጠፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ላይ ብቻ ነው። ጥቂት ቱቦ ይባክናል፤ ይባክን።

አብዛኛው ባለ እጀታ ማጠፊያ ላይ «ኤል» እና «አር» የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል። የለኩበት ጫፍ በግራ በኩል ከሆነ የማርከር ምልክትዎን ከ«ኤል» ጋር፣ በቀኝ ከሆነ ከ«አር» ጋር ያገጣጥሙ። ይህን ማደባለቅ መታጠፊያውን በብዙ ሚሊ ሜትር ያዛውረዋል። እጀታውን ሳያቋርጡ በዝግታ ይሳቡ። መዳብ ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ 90 ዲግሪ የሚፈልጉ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ይለፉና በስኳድራ ያረጋግጡ።

ሁለት መታጠፊያ ያለው ቱቦ ሲሆን ሌላ ችግር ይመጣል፦ ሁለተኛው መታጠፊያ በትንሹ ተጣሞ ይወጣል። መከላከያው ቀላል ነው። ከማጠፍዎ በፊት በቱቦው ርዝመት ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር ያስምሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መስመሩ ወደ ላይ አቅጣጫ ይሁን። ሲጨርሱ ቱቦውን መስታወት ላይ ያስተኙት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጠማማ ነው። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከሆነ በእጅ ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ ቱቦ ይቁረጡ።

እንዳይጨፈለቅ ብለው ቱቦውን በአሸዋ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። በትክክለኛ ማጠፊያ ይህ አያስፈልግም፤ ውስጥ የቀረች አንዲት ቅንጣት ደግሞ ፓምፑን ትበላለች። በጋዝ ነበልባል አግሎ ማለስለስም እንዲሁ፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ቢያግሉት በርግጥ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ፊቲንግ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ከለሰለሰ ክብነቱን አይጠብቅም። የግድ ከሆነ መሐሉን ብቻ ያሙቁ።

ጫፉን በሴጌቶ አይቁረጡ። ብናኙ ወይ ብሎኩ ውስጥ ይገባል ወይ ማዘርቦርዱ ላይ ይረግፋል። በቱቦ መቁረጫ ከቆረጡ በኋላ ወደ ውስጥ የተጠቀለለውን ስለት ይፋቁ፤ የውጪውንም ጠርዝ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ስለታም ጠርዝ ኦሪንጉን ይቆርጠዋል፤ ይህ ደግሞ ውሃ እስኪገባ ድረስ አይታወቅም።

ማጽዳትና መግጠም

መዳብ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይጠቁራል። በሎሚና በጨው ፈትገው በውሃ አጥበው ካደረቁት በኋላ፣ የቤት ዕቃ የሚሠሩ እንጨት ቤቶች የሚቀቡትን ቀለም የሌለው ቫርኒሽ በስሱ ይቀቡት። ፊቲንጉ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ቫርኒሽ እንዳይነካ በቴፕ ይሸፍኑት።

ራዲያተሩ ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የብየዳ ቅባት ስላለ ሙቅ ዲስትልድ ውሃ እየሞሉ ይነቅንቁት፤ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይደጋግሙ።

የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ብዙ ያከራክራል። ክርክሩ አያስፈልግም። በደቂቃ 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 70 ዋት ያህል ይሸከማል፤ በደቂቃ 4 ሊትር በሚዞርበት መስመር 300 ዋት የሚያመነጭ ካርድ ውሃውን ከ1 ዲግሪ ብዙም አያሳልፈውም። ቱቦው አጭርና ውብ በሚሆንበት መንገድ ይደርድሩ። አንድ ነገር ብቻ የግድ ነው፦ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ከፍ ብሎ ከፓምፑ በፊት ይሁን፤ ፓምፕ የሚለሰልሰው በሚያሳልፈው ውሃ ስለሆነ ደረቁን ከዞረ ይበላሻል።

የመዳብ ቱቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ካሉት የብየዳ ነጥቦች ወይም ከማዘርቦርዱ ላይ ካለ ማንኛውም ባዶ ብረት ቢያንስ የጣት ስፋት ይራቅ። ቫርኒሹን እንደ መከላከያ አይቁጠሩት። ካርዱ በክብደቱ ወደ ታች እንዳያዘነብልም ድጋፍ ያድርጉለት፤ የማይተጣጠፍ ቱቦ ያንን ጫና በቀጥታ ለፊቲንጉ ያስተላልፋል።

ሙከራና ውሃ መሙላት

መጀመሪያ በአየር ይፈትሹ። ጌጅ ባለው የብስክሌት መንፊያ ግማሽ ባር ያህል ይሙሉና ለግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ጌጁ ካልወረደ ደህና ነው። ከዚያ በላይ አይንፉ።

ውሃው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ነው። አጠገቡ በተመሳሳይ ጀሪካን የሚሸጠው አሲድ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ። የቧንቧም የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበትና አይሆንም። ዝገትና አልጌ የሚከላከል ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ተጨማሪ ከተገኘ ይጨምሩ፤ ካልተገኘ የመኪና ራዲያተር ኩላንት ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህል መቀላቀል ይቻላል። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃናትና ድመት ከማይደርሱበት ያስቀምጡት።

ሲሞሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ፓምፑ ብቻ ይሁን። ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርድና ከካርድ ነቅለው ባለ 24 ፒን ሶኬቱ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር ያገናኙ፤ ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ፒን 16ን ከ17 ጋር። ማጠራቀሚያው ሊጎድል ሲል ያጥፉ፣ ይሙሉ፣ እንደገና ያብሩ። ቱቦው ስለማይታይ አየሩ መውጣቱን የሚያውቁት በድምፅና በማጠራቀሚያው ብቻ ነው፤ ኬዙን በየአቅጣጫው ያዘንብሉት፤ የሚንቦጫረቀው ድምፅ ይጠፋል። በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አንጥፈው አንድ ሙሉ ቀን ይዙር። የረጠበ ሶፍት ካለ ውሃውን አውጥተው ኦሪንጉን ይመልከቱ፤ በኪያቤ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም።

ሁሉም ደረቅ ከሆነ ማሽኑን ያገናኙ። የፓምፑን የፍጥነት ሽቦ የፕሮሰሰር ማራገቢያ በሚሰካበት ቦታ ይሰኩት፤ አንድ ቀን መብራት ተመልሶ ፓምፑ ባይነሣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስጠነቅቅዎታል። በበጋ አቧራ ወራት የራዲያተሩን ክንፎች በብሩሽ ይጥረጉ፤ ውሃውን በዓመት አንዴ ይቀይሩ።