አዲስ የሲኤስኤስ ዘዴን ለደንበኛ ድረ ገጽ ስንጠቀም

ለሆቴልና ለሱቅ ድረ ገጽ ስሠራ አዲስ የሲኤስኤስ (CSS፣ የድረ ገጽን መልክና አቀማመጥ የሚወስን ቋንቋ) ዘዴ ከመጨመሬ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አሳሹ (ድረ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም) ባያውቀውስ ምን ይቀራል? የክፍሎቹ ዋጋና የስልክ ቁጥሩ የሚነበቡ ከሆነ እጨምረዋለሁ።

ግሪድን (grid)፣ ማለትም ገጹን በረድፍና በዓምድ የሚከፍለውን ዘዴ፣ ያለ ስጋት ተጠቀሙበት፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቁታል። ሃዝ (:has) የተባለው መራጭ፣ ማለትም በውስጡ የተወሰነ ነገር የያዘውን የገጽ ክፍል ለይቶ የሚጠራው፣ ግን ፋየርፎክስ ላይ የደረሰው በ2023 መጨረሻ ስለሆነ አሮጌ ስልክ ላይ አትመኑት።

መጀመሪያ ገጹን በአንድ ዓምድ ጻፉ። አያምርም፤ ግን ሁሉም ያነበዋል። ከዚያ ባለ ብዙ ዓምዱን አቀማመጥ ሰፖርትስ (@supports) በሚባለው፣ አሳሹ ዘዴውን ካወቀው ብቻ በሚሠራው ደንብ ውስጥ አስገቡ። አሳሽ የማያውቀውን ባሕርይ (እንደ ስፋት ወይም ቀለም ያለ ቅንብር) ዘልሎ ያልፋል እንጂ ገጹን አያበላሽም። መራጭ ላይ ግን ጨካኝ ነው፦ ሃዝን ከሌሎች መራጮች ጋር በኮማ አያይዛችሁ ከጻፋችሁት፣ የማያውቀው አሳሽ ሙሉውን ደንብ ይጥለዋል። ስለዚህ ለብቻው ጻፉት።

በእንቅስቃሴ ቁጥብ ነኝ። ትራንስፎርም (ነገርን ማንሸራተት ወይም ማዞር) እና ኦፓሲቲ (ነገርን ማደብዘዝ ወይም ማጉላት) ለስልክ ቀላል ናቸው፤ ስፋትና ቁመትን መለዋወጥ ግን አሳሹን አቀማመጡን ደጋግሞ ያስለካዋል። ደንበኛው «ሥዕሉ ካልተንቀሳቀሰ» ብሎ ቢሞግታችሁ፣ ርካሽ ስልክ ላይ ከፍታችሁ አሳዩት።